ደንገል ያለ ረግረግ



በእጄ ይዤው የቆምሁትን ነገር ከኋላ ሆናችሁ የምትመለከቱ ሁሉ መቋሚያ ወይም ዘንግ መስሏችሁ ይሆናል፤ ነገር ግን ከትናንት በስቲያ ማለዳ በጣና ዳር፣ ውኃው ከጕልበት በማያልፍበት ስፍራ፣ አንድ አዛውንት ታንኳ ሠሪ በማጭዳቸው ቈርጠው «ወስደህ አሳያቸው» ብለው የሰጡኝ የደንገል አገዳ ነው። ከባሕሩ ሲወጣ ከቁመቴ እጥፍ ቢጐድል ጥቂት ነበር፤ በመኪና ለማምጣት ስንል ግን ከወገቡ አጥፈነዋል። ንግግሬ እስኪፈጸም ድረስ እጅ ለእጅ እየተቀባበላችሁ ትዳስሱት ዘንድ ከፊት ረድፍ ለተቀመጡት እሰጣለሁ፤ ስለ አንድ ፍጥረት መጥፋት የሚናገር ሰው አስቀድሞ ፍጥረቱን በአድማጮቹ እጅ ማኖር ይገባዋል ብዬ አምናለሁና።

ስትዳስሱት ክብ አለመሆኑን ታስተውላላችሁ። ሦስት ማዕዘን ነው። ከግርጌው እስከ ራሱ አንጓም ቅጠልም የለበትም፤ ቅጠል ሊሠራው ይገባ የነበረውን፣ ማለት ከፀሐይ ብርሃን ምግብን የማዘጋጀቱን ሥራ፣ አረንጓዴው አገዳና ከራሱ ላይ እንደ ጭራ የተበተነው ቀጭን ጸጉር ይሠሩታል። ልጡን በጥፍራችሁ ብትልጡት ውስጡን እንደ ባዘቶ ነጭና ቀላል ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ከዚያ ጥቂት ቈርሳችሁ ውኃ በተመላ ብርጭቆ ውስጥ በጣታችሁ ብትጫኑት አየሩ አረፋ እየሆነ ሲወጣ፣ ጣታችሁን ባነሣችሁ ጊዜ ግን ቍራሹ ተመልሶ ሲንሳፈፍ ታያላችሁ። ታንኳን ታንኳ ያደረገው ይህ አየር ነው። ተክሉ አየሩን ያከማቸው ግን ለሰው መንሳፈፊያ ይሆን ዘንድ ሳይሆን፣ ሥሩ በተቀበረበት ጭቃ ውስጥ የሚተነፈስ ነገር ስለሌለ፣ ከላይ ወደ ታች ለሥሩ እስትንፋስ ለማውረድ ነው።

ከጭቃው በታች ደግሞ፣ ዛሬ ላሳያችሁ ያልቻልሁት፣ እንደ ሰው ክንድ የወፈረ፣ ጋደም ብሎ የሚሄድ ግንድ አለው። አገዳዎቹ ሁሉ ከዚህ አግዳሚ ግንድ ዓይን አውጥተው የሚበቅሉ ናቸው፤ አንዱ አገዳ ዓመት እንኳ ሳይሞላው በቅሎ፣ ጐልምሶ፣ ጠውልጎ ያልፋል፤ ግንዱ ግን በስውር እየተራመደ ይኖራል። ስለዚህ የደንገል ሕይወቱ ያለው ዓይን በሚያየው ከፍታ ላይ ሳይሆን ዓይን በማያየው ጭቃ ውስጥ ነው። ይህን ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ፤ ወደ ኋላ የምናገረው ብዙው ነገር በዚህ ላይ የቆመ ነውና።

ቅዱሳት መጻሕፍትን ለሚያነብ ሰው ደንገል እንግዳ አይደለም። ሕፃኑ ሙሴ ከፈርዖን ቍጣ ተሰውሮ በወንዙ ዳር የተቀመጠበት ሣጥን የደንገል ነበረ፤ ነቢዩ ኢሳይያስም ከኢትዮጵያ ወንዞች ማዶ ስላለችውና መልእክተኞቿን በደንገል ታንኳ በውኃ ላይ ስለምትልከው ምድር ተናግሯል። ከሁሉ ይልቅ ግን እኔን የሚደንቀኝ በመጽሐፈ ኢዮብ የሹሐዊው የበልዳዶስ ጥያቄ ነው፤ ይህ ሰው መከረኛውን ወዳጁን ሲገሥጽ ደንገልን ምሳሌ አድርጎ፣ ረግረግ በሌለበት ይበቅል እንደ ሆነ ጠይቆት፣ መልሱ በዚያ ዘመን ለሕፃንም ለሽማግሌም የታወቀ ነበረና ምላሽ ሳይጠብቅ ያልፋል። በልዳዶስ በኢዮብ ላይ የፈረደው ፍርድ ቅን አልነበረም፤ ስለ ደንገል የተናገረው ግን ዛሬ የዕፀዋት ሊቃውንት ከሚያስተምሩን ቃል በምንም አይለይም።

በወገኑም ቢሆን ሁላችሁ የምታውቁት ነው፤ ደንገል የቄጤማ ዘመድ ነውና። በቀዳም ሥዑር ካህናቱ ቃጭል እያሰሙ በየቤቱ ዞረው ቄጤማ ሲያድሉንና እኛም ከራሳችን ስናስረው፣ በአበው ትውፊት ርግብ የጥፋት ውኃ መጕደሉን ለኖኅ ያበሰረችበት ለምለም ነው ብለን እንቀበለዋለን። የዛሬው ንግግሬ ግን የውኃው መጕደል የምሥራች ስላልሆነበት ስፍራ ነው።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተኛ፣ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፣ ጥልቀቱ ግን እጅግ ቢበዛ ከ15 ሜትር የማያልፍ ባሕር ነው። እንደ ሰፌድ የተዘረጋ በመሆኑ ውኃው አንድ ክንድ ዝቅ ባለ ጊዜ ዳርቻው በሜዳው በኩል ብዙ መቶ እርምጃ ይሸሻል፤ ርብና ጕማራ በሚገቡበት በፎገራ፣ መገጭ በሚገባበት በደምቢያ በኩል ይህ ሽሽት በዓይን የሚታይ ነው። ደንገልም ቤቱን የሠራው በዚህ ውኃና የብስ በሚፈራረቁበት ድንበር ላይ ነው። ከደጋ የወረደው ደለል ወደ ባሕሩ ሆድ ከመግባቱ በፊት በሥሩ መካከል ይታገታል፤ ቀረሶና አምባዛ በጥላው ሥር ይራባሉ፤ የውኃ ወፎች በውስጡ ጎጆ ይቀልሳሉ።

ከሰው ወገን ደግሞ ደንገልን እንደ ነገደ ወይጦ የሚያውቀው የለም። እነዚህ ከጥንት ጀምሮ በባሕሩ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ጉማሬ በማደን፣ ዓሣ በማጥመድና ታንኳ በመሥራት የታወቁ ሲሆኑ፣ ጎረቤቶቻቸው ግን ለረጅም ዘመን ከማዕዳቸው ያራቋቸውና እንደ ባዕድ ያዩአቸው መሆኑን በኀፍረት መናገር ይገባናል። የዘጌ ቡናና ማገዶ ወደ ባሕር ዳር ገበያ የተሻገረው፣ መነኮሳቱ ከክብራን ገብርኤል ወደ የብስ፣ ከየብስ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ የተመላለሱት፣ ታቦትና መጽሐፍ፣ ሙሽራና አስከሬን በዚህ ባሕር ላይ ያለፉት በደንገል ታንኳ ነው። የአገራችን ታሪክ ሲጻፍ ነገሥታቱና ገዳማቱ በስማቸው ተጠርተዋል፤ ታንኳውን ያሰረው እጅ ግን አልተጠራም።

በዚያች ማለዳ እኒያ አዛውንት ሲቈርጡ ቆሜ አይቻቸዋለሁ። ሱሪያቸውን ሰብስበው ውኃው ውስጥ ገቡና አገዳውን በግራ እጃቸው አቅፈው ወደ ደረታቸው ሳብ እያደረጉ፣ ማጭዱን በቀኝ እጃቸው አንድ ጊዜ ብቻ ይስቡታል፤ ሁለተኛ መምታት የለም። ራሱ ቡናማ መሆን የጀመረውን ይመርጣሉ፤ ለጋውን በክርናቸው ገለል አድርገው ያልፉታል። ጫፉ ገና ያልተበተነ፣ እንደ ጦር የቆመ አንድ ለጋ አገዳ አሳይቻቸው «አባባ፣ ይህኛውስ?» ብላቸው ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ «እሱ የከርሞ ነው» አሉኝ። የተቈረጠው በዳርቻው ተዘርግቶ ለቀናት በፀሐይ ይጠወልጋል፤ ከዚያ በኋላ ነዶ በነዶ ላይ እየተጠበቀ ይታሰራል፤ ዕቃና ሰው የሚቀመጥበት መካከሉ ከፍ ይላል፤ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። እንዲህ ሆኖ የተሠራው ታንኳ ግን ዕድሜው አጭር ነው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ይበሰብሳል፤ ሌላ ይሠራል።

አንዳንድ ሰዎች የታንኳውን ቶሎ መበስበስ እንደ ጕድለት ቈጥረው ሲናገሩ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ደንገልን እስከ ዛሬ ያኖረው ይኸው የታንኳው ዕድሜ ማጠር ይመስለኛል። በየጥቂት ወሩ አዲስ ታንኳ የሚያስፈልገው ሰው የከርሞውን ደንገል መጠበቅ አለበት፤ ለጋውን አይቈርጥም፤ ሥሩን አይነቅልም፤ ሌላው ሲነቅልም ዝም ብሎ አያይም። ቈራጩ ራሱ ዘበኛ ነበረ። ተክሉ በዓመት አንድ ጊዜ በአግባብ ቢቈረጥ ከአግዳሚው ግንድ ዳግመኛ ያቈጠቍጣልና በመቈረጡ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ግንዱ ሲታረስ፣ ሲቃጠልና ለረጅም ጊዜ ከውኃ ሲለይ ነው፤ ይህንንም የሚከለክለው፣ ቀኑን ሙሉ በባሕሩ ዳር የሚውለው ቈራጩ ነው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ እንዳይመስላችሁ ወደ ግብፅ ልውሰዳችሁ። የግብፅ ሰዎች ደንገልን ለጀልባና ለገመድ፣ ለምንጣፍና ለጫማ ያደረጉ፣ የታችኛውን ነጭ ክፍሉንም የበሉ ሕዝብ ነበሩ፤ ከሁሉ በላይ ግን ባዘቶውን በቀጭኑ ሸንሽነው፣ አንዱን ወርድ አንዱን ቁመት አድርገው ደራርበውና ቀጥቅጠው መጻፊያ አደረጉት፤ የጥንቱ ዓለም ሕግና ጥበብ፣ የሐዋርያትም መልእክታት በዚህ ላይ ተጻፉ። ጊዜው ሲደርስ ከምሥራቅ የመጣው ወረቀት ስፍራውን ወሰደ፤ ደንገል የሚያለማውና የሚጠብቀው ሰው አጣ፤ ረግረጉም እየጠነፈፈ እርሻ ሆነ። ከብዙ ዘመን በኋላ ተፈልጎ በበቀለበት በአባይ ሸለቆ አልተገኘም ተባለ፤ በ1960 ዓ.ም. ገደማ ጥቂቱ ተርፎ የታየው በናጥሩን ሸለቆ ነው። ያ ሸለቆ የእነአባ መቃርስ ገዳመ አስቄጥስ መሆኑን ለምታውቁ፣ በዚያ በረሓ ውስጥ መናኞቹና ተክሉ በአንድነት ተሸሽገው መኖራቸውን ስታስቡ እንደ እኔ ትደነቁ ይሆናል። ዶክተር ሐሰን ራጋብ የተባሉ ግብፃዊ የመጻፊያውን ጥበብ እንደ ገና ለማስነሣት በተነሡ ጊዜ ተክሉን ከሱዳን አስመጥተው መትከል ግድ ሆኖባቸዋል።

በዚያው ዘመን ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በጥንት ግብፃውያን አምሳል በተሠራ የደንገል ጀልባ አትላንቲክን ለመሻገር ባሰበ ጊዜ ጀልባው የታሰረው በጊዛ ፒራሚዶች ግርጌ ነው፤ አሳሪዎቹ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ደንገሉ ግን በግብፅ ስለሌለ 12 ቶን ያህል ከጣና ተቈርጦ ሄደ። «ራ» የተባለው ጀልባ በግንቦት 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ወደብ ከሳፊ ተነሥቶ ከባርቤዶስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ተጐዳ፤ በማግሥቱ ዓመት የተሠራው ሁለተኛው የደንገል ጀልባ ግን በ57 ቀን ተሻገረ። ፈርዖኖች ሥዕሉን በመቃብራቸው ግድግዳ ላይ ያስቀረጹት ተክል ከአገራቸው ጠፍቶ፣ ያው አባይ ከሚወጣበት ከእኛ ባሕር ተለምኖ ሄደ። ይህን ስናገር ለመኩራራት አይደለም። የምፈራው፣ እኛም በተራችን ከሌላ ስፍራ የምንለምንበት ቀን እንዳይመጣ ነው።

እውነቱን ለመናገር ደንገል ከዓለም ሊጠፋ ነው አልላችሁም፤ በደቡብ ሱዳን ሱድ ረግረግና በኡጋንዳ ገና እንደ ደን ቆሞ ይገኛል። የሚጠፋው የጣናው ነው። አንድ ፍጥረት በሌላ አገር መኖሩ በእኛ አገር መሞቱን አያካክስም፤ የጣናን ዓሣ የኡጋንዳ ደንገል አያስጠልለውም፤ የጣናንም ደለል አያግትም።

አሁን ወደ ጥፋቱ ምክንያት እገባለሁ። በባሕሩ ዳር ያለው ገበሬ ውኃው ሲያፈገፍግ የሚገለጠውን መሬት «ባሕር ሸሽ» ይለዋል። ጥቁር፣ ርጥብ፣ ማዳበሪያ የማይጠይቅ መሬት ነው፤ የልጆቹ ቍጥር በዝቶ እርሻው ለጠበበበት ሰው ከሰማይ የወረደ መና ይመስለዋል፤ እኔም በእርሱ ላይ ለመፍረድ አልደፍርም። ነገር ግን ማረሻው ሲገባ የሚገለብጠው ያንን በጭቃ ውስጥ የተኛውን አግዳሚ ግንድ ነው። ከማረሻው በፊት ደግሞ ከብቱ ይገባል፤ ቡቃያው ለሰንጋ ጥርስ ጣፋጭ ነውና በውኃ ማነስ የደከመውን ተክል ከብቱ ያራቍተዋል፤ የቀረውን ሰው ለእርሻ ማጽጃ በእሳት ይለቀዋል። በመስከረም ባሕሩ ተመልሶ ሲመጣ የሚያገኘው ያረፈበትን ድንበር ሳይሆን የታረሰ ትልም ነው።

የባሕሩ መሸሽ እንደ ቀድሞው ዝናብና ፀሐይ ብቻ የሚያዝዙት ነገር መሆኑም ቀርቷል። በ1988 ዓ.ም. አባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ የውኃ መቈጣጠሪያው ሥራ ጀመረ፤ በኋላም በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ የመብራት ኃይል ከባሕሩ በዋሻ ውኃ መውሰድ ያዘ። መብራት የሚጠላ የለም፤ እኔም በመብራት ሥር ሆኜ ነው ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት። ይሁን እንጂ በ1995 ዓ.ም. የዝናቡ እጥረትና ለመብራት የተለቀቀው ውኃ ተደርበው ባሕሩ እጅግ ወረደ፤ መርከቦች መንቀሳቀስ አቅቷቸው ለወራት ቆሙ፤ በተገለጠው ወለል ላይ እርሻ ተስፋፋ፤ ብዙ የደንገል ስፍራም ያን ጊዜ ጠፋ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ከደቡብ አሜሪካ የመነጨው የእምቦጭ አረም በባሕሩ ላይ ታየ። ስለ እምቦጭ ብዙ ተብሏልና አልደግመውም፤ እርሱን ለመንቀል በዘመቻ የገባው ሕዝብ የተመሰገነ ሲሆን፣ ከዳርቻው ሲነቅል ደንገሉን አብሮ እንዳይረግጠው ማሳሰብ ብቻ ይበቃኛል።

በእነዚህ ሁሉ መካከል ግን በድምፅ የማይሰማው ጥፋት የታንኳው ከገበያ መውጣት ነው። የሞተርና የብረት ጀልባ በዛ፤ ወጣቱ የታንኳ ሥራን ትቶ ወደ ከተማ ሄደ። እኒያ አዛውንት ከልጆቻቸው መካከል ማጭዱን የሚወርስ እንደሌለ በነገሩኝ ጊዜ፣ አንድ ሙያ የቆመ ብቻ ሳይሆን አንድ የጥበቃ ሰንሰለት የተበጠሰ መስሎ ተሰማኝ። በግብፅ የሆነው ይህ ነበር፤ መጀመሪያ የሚፈልገው ሰው ጠፋ፤ ተክሉ ተከትሎ ጠፋ።

ረግረግን አድርቆ ማረስ ትርፍ ነው ለሚሉ ደግሞ የገሊላው የሑላ ሸለቆ ይናገር። በቀድሞ ሊቃውንት ዘንድ የሜሮም ውኃ ነው ይባል የነበረውን ይህን ሐይቅና በዙሪያው የነበረውን ሰፊ የደንገል ረግረግ የእስራኤል መንግሥት ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ በቦይ አጠነፈፈው፤ ወባን ለማጥፋትና የእርሻ መሬት ለማግኘት ነበር። በዘመናት ደንገል እየበሰበሰ የተከማቸው ጥቁር አፈር ከደረቀ በኋላ ግን ከውስጡ በራሱ እሳት ይነሣበት ጀመር፤ ነፋስ በተነው፤ መሬቱ ሰመጠ፤ በአፈሩ የታገተው ንጥረ ነገርም እየታጠበ ወደ ገሊላ ባሕር ወረደ። በ1986 ዓ.ም. ያው መንግሥት ከደረቀው መሬት ከፊሉን እንደ ገና ውኃ እንዲተኛበት አደረገው። ጥቂት ረግረግ አስቀድሞ ለመታሰቢያ ተከልሎ ባይተርፍ ኖሮ ደንገሉን ከየት ያመጡት ነበር? ከዚህ አዳራሽ መካከል በእስራኤል አገር ዘመድ ያላችሁ፣ ሄዳችሁ በዓይናችሁ ልታዩት ትችላላችሁ።

የጣና አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሕይወት ክልል ሆኖ መመዝገቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን በወረቀት ላይ የተሰመረ ክልል በጭቃ ላይ ካልተሰመረ በሬው አያነበውም። እኔ የምለምነው ነገር ትንሽ ነው። በመስከረም ውኃው ከፍ ብሎ በሚቆምበት መሥመር ላይ ካስማ ይተከል፤ በዚያና በባሕሩ መካከል ደንገል የነበረበት ስፍራ ባሕሩ ቢሸሽም እንዳይታረስ፣ ከብትም እንዳይገባበት ቀበሌውና የእርሻው ባለቤት በሽምግልና ይስማሙ፤ መሬቱን ለሚለቀው ገበሬም የሚመጥን ምትክ ይሰጠው፤ ባዶ እጁን የቀረ ሰው ካስማውን ቢነቅል አንደነቅም። የውኃውን በር የሚከፍትና የሚዘጋ ሹምም የባሕሩን ከፍታ በሚያስብበት ጊዜ ደንገልን ከሚጠጡት ወገን አንዱ አድርጎ ይቍጠረው። ደንገል በጠፋበትም ስፍራ መልሶ መትከል ይቻላል፤ ዘሩን በትኖ መጠበቅ አድካሚ ነው፤ ዓይን ያለውን የአግዳሚውን ግንድ ቍራጭ ከጤናማ ስፍራ ወስዶ በጭቃ ውስጥ ማጋደም ግን ማንም ገበሬ እንሰት ወይም ሸንኮራ ከመትከል አስቸጋሪ አድርጎ አያየውም። የደሴቶቹ ገዳማት፣ ዛፍ መቍረጥ ነውር አድርገው ደናቸውን ለዘመናት የጠበቁ እንደ መሆናቸው፣ ለዚህ መጀመሪያ ቢሆኑ ሕዝቡ ይከተላቸዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ነገደ ወይጦን ከዳር አቁመን ስለ ደንገል ብንመክር ከንቱ ነው። የትኛው ስፍራ በዚህ ዓመት ተቈርጦ የትኛው ለከርሞ እንደሚቆይ መወሰን የእነርሱ ሥልጣን ሊሆን ይገባል፤ ዕውቀቱ የእነርሱ ነውና። ለታንኳቸውም ገበያ ይፈለግለት፤ ወደ ገዳማቱ የሚመጣ እንግዳ በሞተር ጀልባ ሲሻገር ቢያንስ አንዱን መንገድ በታንኳ እንዲሻገር ቢደረግ፣ ተቋሞቻችንም ምንጣፋቸውን ከእነርሱ ቢገዙ፣ ማጭዱን የሚወርስ ልጅ ምናልባት ይገኝ ይሆናል።

አገዳው ወደ ኋለኛው ረድፍ ደርሶ እንደ ሆነ ወደ እኔ እንዲመለስ አያስፈልግም፤ ተቈርጧልና አይተከልም። ከበሩ አጠገብ ግን በርጥብ ጆንያ የተጠቀለሉ ሰባት የአግዳሚ ግንድ ቍራጮች አሉ፤ እኒያ አዛውንት ትናንት ማታ በልጅ ልጃቸው እጅ የላኩልኝ ናቸው። በጥላ ሥር በርጥበት ከተያዙ ሳይሞቱ ስለሚቆዩ፣ በባሕሩ ዳር መሬት ወይም ወዳጅ ያለው ሰው ሲወጣ አንድ አንድ ይውሰድ፤ ዓይኑ ወደ ላይ ሆኖ፣ ውኃው ከእጅ አንጓ በማያልፍበት ጭቃ ላይ እንዲጋደም ነው የነገሩኝ።